አስመሳይዋ አልሞተችም

ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና
እሑድ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 (በትምህርት ቤቴ አቆጣጠር ሜይ 18)

ለምወድሽ እህቴ ለአጋም፤

መጀመሪያ የምትጠይቂኝን ስለማውቀው ከእሱ ልጀምር። አስመሳይዋ አልሞተችም። የሦስት ቅጠሏ ጠርዝ ደርቋል፣ አንድ ቅርንጫፏን ቆርጬዋለሁ፣ የቀረው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንቺ ባስቀመጥሽበት ቦታ፣ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ ናት። አሁን ጣቴን አፈሯ ውስጥ ከትቼ አየሁ፤ እርጥብ ነው፣ ግን አልጨቀየም።

ጋሽ ገረመው ፊደል ሲያስቆጥሩን ደብዳቤ ጤና ሳይጠየቅ አይጀመርም ይሉን ነበር። እኔም እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አንስቼ ብዙ ቆየሁ። ከቀበርንሽ ዛሬ አሥረኛ ቀን ነው። ስለዚህ ያንቺን ትቼ የእኛን ልንገርሽ። እማዬ ትበላለች፤ ግን ቆማ ነው የምትበላው። ዛሬ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ገባች። የአረጋውያኑ ቤት ወጥ ቤት ሰው ጎድሎበታል ብለው ደወሉላት። ሳምንቱ ዛሬ ስለጀመረ እኔም ትምህርት ቤት መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን የዛሬው ጠዋት የመጀመሪያዬ ነው።

ይህን በዕብራይስጥ ብጽፍልሽ ኖሮ ቶሎ እጨርሰው ነበር። እኔና አንቺ በአማርኛ የምንጽፈው ለእማዬ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ስንለጥፍላት ብቻ ነበር። ይህኛው ግን በአማርኛ መሆን አለበት። «ጸ»ን እና «ፀ»ን ካቀላቀልኩ ጋሽ ገረመው አይደርሱብኝም።

አስመሳይዋ የመጣችበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ከሠራዊት ወጥተሽ ታልፒዮት ችግኝ መሸጫው ውስጥ ሥራ የጀመርሽበት ክረምት ነው። አለቃሽ ሺርሊ ቆሻሻ ውስጥ ልትጥላት ስትል ከእጇ ቀምተሽ፣ በእንጀራ ፌስታል አድርገሽ አመጣሻት። ከእጅ መዳፍ አትበልጥም ነበር። አረንጓዴ ቅጠሏ ላይ ነጭ ደም ሥር የተሳለባት ትመስላለች፤ ግን ያን ቀን ሁሉም ቅጠል በማሰሮዋ ጠርዝ ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ተጣጥፎ ወድቋል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እማዬ።

«ፊቶኒያ ትባላለች።»

«ሞታ የለም እንዴ? ሰው ሬሳ ተሸክሞ ቤቱ ይገባል?»

«አልሞተችም እማዬ፤ ራሷን ስታ ነው።»

ማሰሮዋን እንዳለ ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ነከርሻት። አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። እራት በልተን ሳንጨርስ አንዱ ቅጠል ተነሳ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ እማዬ ሳህን ልታጥብ ስትሄድ ተክሏ ምንም እንዳልሆነች ሰው ቀጥ ብላ ቆማ አገኘቻት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ይቺ አስመሳይ» አለች። «እኔ ልቤ ተሰብሮላት፣ እሷ ለካ ትተኛለች።»

ስሟ በዚያው ወጣ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ መታጠቢያ ቤት ትሄዳለች። «አስመሳይ፣ ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» ትላለች። እኔን የምትጠይቀኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ያስተማርሽኝን ሁሉ ይዤዋለሁ። የፀሐይን ብርሃን እንጂ ፀሐይዋን ራሷን አትወድም። የኢየሩሳሌም የቧንቧ ውሃ ኖራ ስላለበት በማንቆርቆሪያ አፍልቶ፣ አሳድሮ፣ ከላይ ከላይ መቅዳት። ሳህን ላይ ጠጠር፣ ጠጠሩ ላይ ውሃ፣ ማሰሮዋ ግን ጠጠሩ ላይ ቆማ ውሃውን እንዳትነካ። የምትፈልገው እርጥብ አየር ነው እንጂ እግሯ ውሃ ውስጥ ከዋለ ይበሰብሳል። ጫፏን በጥፍር መቁረጥ፤ ካልቆረጡላት ተንጠራርታ ከሥር ራቁቷን ትቀራለች። ከበረሃ ትኩስ ንፋስ በመጣ ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ መርጨት። አንድ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ነግረሽኝ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁሽ። «ሁልጊዜ ስለምትነሳ አትዘናጋባት። በወደቀች ቁጥር አንድ ነገር ይቀንስባታል። አንድ ቀን ያው ነው ብለህ ውሃ ትሰጣታለህ፣ አትነሳም።» ስለ ተክል የምታወሪ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር ልግባ።

የፑሪም በዓል ሰሞን ነው። ልጆች ንጉሥና ነብር መስለው መንገድ ለመንገድ ይሯሯጣሉ። እኔና አንቺ ከገበያ ስንመለስ፣ እዚሁ መንገዳችን ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ስንደርስ «አዲር፣ ፌስታሉን ያዝልኝ» አልሽ። ሳልይዘው ወደቅሽ። ብርቱካኑ ቁልቁለቱን ይዞ ተንከባለለ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ብርቱካኑን ነበር፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ጋሽ ገረመው ከበር ጠባቂው ወንበራቸው ተነስተው፣ በዚያ በሚያነክሰው እግራቸው እየተጎተቱ፣ ከግቢው ቧንቧ በጣሳ ውሃ አመጡ። ግንባርሽን አራሱት። ከንፈርሽ አመድ መስሎ ነበር። አንድ ደቂቃ ይሁን ሁለት አላውቅም፤ ዓይንሽን ከፍተሽ ጋሽ ገረመውን፣ ከዚያ እኔን አየሽና ሳቅሽ።

«ምን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ? እንደ አስመሳይዋ ነኝ። ውሃ ካገኘሁ እነሳለሁ።»

«ልጄ፣ ሐኪም ይይሽ» አሉሽ ጋሽ ገረመው።

«ቁርስ ስላልበላሁ ነው፣ ጋሼ።»

በራችን ላይ ስንደርስ እጄን ያዝሽው። «ለእማዬ እንዳትነግራት። አባዬ ከሞተ ወዲህ ሳል እንኳ ስስል እንቅልፍ አይወስዳትም።»

«እሺ።»

«እሺ አይበቃም። እማዬ ትሙት በል።»

«አጋም፣ ተይ።»

«በላ።»

«እማዬ ትሙት» አልኩ። ስንት ጊዜ ብለነዋል። የኳስ ጎል ገብቷል አልገባም ስንባባል ሳይቀር ብለነዋል። ክፍሌ ያሉ ልጆች የአፍ ልማድ ነው ብለው ይሳለቁብኛል፤ በእናት ሞት ተምሎ ቃል እንደማይፈርስ አልገባቸውም። ለእኔና ላንቺ ግን ከወረቀት ፊርማ በላይ ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ የወደቅሽው ፋሲካ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ቤቱን ከእርሾ ስናጸዳ አንቺ መታጠቢያ ቤቱን ያዝሽ። የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ስገባ መሬት ላይ ነሽ፤ ባልዲው ተገልብጧል። ውሃ መርጫውን አንስቼ ፊትሽ ላይ ረጨሁብሽ፣ ልክ ለአስመሳይዋ እንደምናደርገው። ዓይንሽን ስትከፍቺ «ቅጠሌ ላይ አይደለም፣ ሥሬ ላይ አድርግ» አልሽኝ። ሁለታችንም እዚያ እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጠን ሳቅን። እማዬ ከወጥ ቤት «እናንተ ሥራ ነው ጨዋታ?» አለችን።

ያን ቀን ልነግራት ነበር፣ አጋም። ወጥ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ጨርቅ በእጇ ይዛ መደርደሪያው ላይ ወጥታ ነበር፤ ዞር ብላ አየችኝ። «እማዬ ትሙት» ያልኩት ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። «ጨው የት ነው?» አልኳት። ጨው ለምን እንደፈለግሁም አልጠየቀችኝም።

ማታ አንቺ ስልክሽን አሳየሽኝ። የልብ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዘሽ ነበር። «ይኸው፣ ቱር አለኝ። ግንቦት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባዶ ሰዓት የላቸውም። ከታየሁ በኋላ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። አሁን ልትተኛ ትችላለህ።» እኔም ተኛሁ። ቀጠሮ ያለው ሰው እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ምንም የማይሆን መስሎኝ ነበር።

ቀጠሮው ሳይደርስ ሐሙስ ዕለት ሺርሊ ደወለች። ችግኞቹን እያጠጣሽ ሳለ ወደቅሽ። አምቡላንስ ወዲያው ነው የጠራችው፤ ደረትሽን እየተጫነች ጠብቃለች፤ ይህን እንድታውቂላት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ለቅሶው ላይ ደጋግማ እጆቿን እያየች ነበር። እማዬና እኔ ሆስፒታል ስንደርስ ሁሉም ነገር አልቋል።

ሐኪሟ ሃጊት ትባላለች። ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እማዬ ወንበሩን ትታ መሬት ላይ ስለነበረች። በዕብራይስጥ ትናገራለች፣ እኔ ለእማዬ አስተረጉማለሁ። እንደ ሁልጊዜው። ባንክም፣ ማዘጋጃ ቤትም፣ ወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ራሴ መጥፎ ጠባይም ያስተረጎምኩላት እኔ አይደለሁም? ሐኪሟ «ከዚህ በፊት ራሷን ስታ ታውቃለች? እናትህን ጠይቃት» አለችኝ።

«እማዬ፣ አጋም ከዚህ በፊት ወድቃ ታውቃለች ወይ ትላለች።»

«በጭራሽ» አለች እማዬ። «ልጄ ጤነኛ ነበረች በላት። ሁለት ዓመት ሠራዊት የሮጠች ልጅ ናት በላት።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች። እኔም «በጭራሽ። ጤነኛ ነበረች። ሁለት ዓመት ሠራዊት ውስጥ ሮጣለች» አልኩ። አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አንድም ቃል አላጎደልኩም። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀን አጥርቼ አስተርጉሜ አላውቅም። ውሸቱ እዚያ ውስጥ ገብቶ ማንም ሊያየው አልቻለም።

ቀጥላ «በቤተሰቡ ውስጥ በድንገት የሞተ ወጣት አለ?» አለች። እማዬ የአባዬን ነገረቻት፤ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ተኝቶ ሳይነቃ እንደቀረ። ሐኪሟ መጻፍ አቆመች። እኔን ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። «ይህ የልብ ምት ችግር ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። አንተም መመርመር አለብህ፤ በዚህ ወር ውስጥ። ከተገኘ ሕክምና አለው። ለእናትህ ንገራት» አለችኝ። ወረቀት ጽፋ በእጄ ሰጠችኝ።

«ምን አለችህ?» አለች እማዬ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ ነው የምትለው።»

ወረቀቱን ታሪክ መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት። ብነግራት «ለምን አሁን?» ትለኛለች። «ምልክት ነበረው ወይ?» ትለኛለች። አንዱን ክር ብስበው ሁሉም ይተረተራል።

በማግስቱ ቀበርንሽ፤ ከዚያ የለቅሶው ሰባት ቀን መጣ። አክስታችን እትዬ ትሁን ከነታንያ ከተማ መጥታ ቤቱን ያዘችው። እንደምታውቂያት ነች፤ ስታለቅስም ሥራ አታቆምም። ሰው የሞተበት ቤት የቆመ ውሃ አይቀመጥም ብላ ያገኘችውን ውሃ ሁሉ ደፋች። ማንቆርቆሪያውን፣ ባልዲውን፣ ያሳደርነውን የማሰሮ ውሃ፣ የአስመሳይዋን ሳህን ከነጠጠሩ፣ ውሃ መርጫውን ሳይቀር። ከዚያ ለለቀስተኛ ቦታ ሲጠብ ትርፍ ዕቃውን ከአስመሳይዋ ጋር ደረጃው ላይ አወጣችው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ። ያ ሳምንት ደግሞ ንፋሱ እሳት ነበር። የሰፈሩ ልጆች በዚያ ሰሞን ለሚከበረው የእሳት በዓል የሚለቃቅሙትን ሳንቃ በራችን ሥር እየጎተቱ ያልፋሉ፤ እኛ ውስጥ እናለቅሳለን። ተክሏን አላስታወስኳትም። አምስት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜም አላስታወስኳትም።

ጋሽ ገረመው በየቀኑ ይመጡ ነበር። በረንዳው በር ላይ ላስቲክ ወንበር አድርገው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ይቀመጣሉ። እማዬ ሕፃናት ሳለን «ፊደሉን ተማሩ፤ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወዲያ እንዳትገቡ» ስትለን እሳቸው «በሩ ላይ ነው እንጂ የምጠብቀው፣ እኔም ብዙ አልገባም» ብለው እንዳሳቋት አልረሳም። አሁን ግን አልቀለዱም። ዓይናቸው እኔ ላይ ሲያርፍ እኔ ሰው ውሃ ይፈልግ እንደሆነ ለማየት እነሳለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ወንበር ለማምጣት ስወጣ አገኘኋት። አጋም፣ እንደዚያ ሆና አይተናት አናውቅም። ቅጠሏ መውደቅ ብቻ አይደለም፣ ማሰሮዋ ላይ ተለጥፏል። አፈሩ ከማሰሮው ተላቆ በጣት የሚገባ ክፍተት ሆኗል። አንስቼ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ በሳህን ማጠቢያው ውስጥ ነከርኳት። አንድም አረፋ አልወጣም። እራት ሰዓት ደረሰ፤ አልተነሳችም። ውሃውን ለወጥኩላት። ረቡዕ ጠዋትም ያው ናት። አክስቴ «የኔ ልጅ፣ ተዋት» አለችኝ። ውስጡ በሚታይ ፌስታል ሸፍኜ፣ አፉን ከፈት አድርጌ፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳት፤ አንቺ ለታመሙት እንደምታደርጊው።

ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎቹ የሰባቱን ቀን ለቅሶ አፍርሰው፣ «ተነሡ» ብለውን፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ እማዬ መታጠቢያ ቤት ገባች። ድምፅዋን ስላጣሁት ተከተልኳት። ፌስታሉን ገልጣ ቆማለች። ከመካከሏ አራት ቅጠል ተነስቷል።

«ይቺ አስመሳይ» አለች። ከቀብርሽ በኋላ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የዚያን ቀን ነው የሰማኋት፤ እስከዚያ ሰው ነበር የሚያለቅስላት። «ይቺ እንኳ ምልክት ሰጥታ ነው የምትወድቀው። የኔዋ ምነው አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ዓይኔ እያየ ወድቃ ቢሆን። በጀርባዬ አዝዬ አልወስዳትም ነበር?»

እኔ አጠገቧ ነበርኩ። የጠጠሩን ሳህን በእጄ ይዤ ነበር። ልናገር አፌን ከፍቼ «ውሃ ልሙላበት» አልኩ።

ዓርብ መቃብርሽን አይተን ስንመለስ፣ ደረጃችንን ስወጣ ዓይኔ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ መጣ። ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። እማዬ ከፊት ስለነበረች አላየችም። «ቁርስ ስላልበላሁ ነው» አልኩ ለራሴ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የማን እንደሆነ አወቅሁት።

ሰንበት ሳይገባ ወደ ጋሽ ገረመው ሄድኩ። ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ እኔን ሲያዩ ሌላውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

«ጋሼ፣ ከሞተ ሰው ጋር የተማማሉት መሐላ ይፈርሳል?» አልኳቸው።

«በምን ምለህ ነው?»

«በእማዬ ሞት።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ የሐኪሟን ወረቀት አወጣሁና የሚለውን ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ያዙት፤ ዕብራይስጥ አያነቡም፣ ግን ያዙት።

«እንግዲህ እናትህ በምን የምትሞት ይመስልሃል?» አሉኝ። «አንተ በመናገርህ ነው ወይስ ሁለተኛ ልጅ ስትቀብር?»

ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

«እኔም እኮ አይቻለሁ» አሉ። «ውሃውን ያመጣሁ እኔ ነኝ። ሐኪም ይይሽ ብዬ ዝም አልኩ፤ የሰው ቤት ነው ብዬ፣ እናታችሁ ምን ትለኛለች ብዬ። ሰባት ቀን በራችሁ ላይ የተቀመጥኩት አንተ ትናገራለህ ብዬ ነው። ከእኔ አፍ ከምትሰማው ካንተ ብትሰማው ይሻላታል። ግን እስከ ሰኞ ነው የምጠብቅህ። ከዚያ በኋላ እመጣለሁ።»

«ትጠላኛለች» አልኳቸው።

«ትቆጣሃለች» አሉ። «ቁጣና ጥላቻ አንድ ቢሆን ኖሮ እኔን የሚወደኝ ሰው አይኖርም ነበር።»

ትናንት ሰንበት ሙሉ ቀን አጠገቧ ነበርኩ። ስምንት ጊዜ ያህል ጀመርኩት። አፌ ላይ ሲደርስ በአማርኛ አልመጣ ይለኛል። በዕብራይስጥ ብነግራት ግማሹን ታጣዋለች፤ ሌላ አስተርጓሚ ደግሞ የለንም። እኔ ነኝ ያለሁት።

አጋም፣ አልተቆጣሁብሽም እንዳልልሽ ተቆጥቼብሻለሁ። ያን ቃል ባታስምዪኝ ኖሮ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ያንቺንም አውቃለሁ፤ አንቺም እማዬ እንዳትሰጋ ብለሽ ነበር፣ እኔም እንደዚያው። አንቺም፣ እኔም፣ ጋሽ ገረመውም እማዬን ላለመጉዳት ዝም እንዳልን አንዳችን ሞተች። መሐላዬን ዛሬ እመልስልሻለሁ። ፈቅደሽ እንደሆነ አላውቅም። ብትኖሪ ኖሮ ትከራከሪኝ ነበር፤ በኋላ ግን እኔ ሳልሰማ አንቺው ትነግሪያት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን ነግሬሽ ላብቃ።

እማዬ ስትወጣ ነቅቼ ነበር። በሩን በቀስታ ዘጋችው። ተነስቼ አልጋሽን አየሁ፤ አልነካሁትም። ብርጭቆዋን አጠብኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክሽ ብልጭ አለ። እስካሁን ኃይል የምሞላው እኔ ነኝ። መልእክቱ «አጋም፣ ረቡዕ 10:40 ቀጠሮ አለሽ። ለማረጋገጥ 1፣ ለመሰረዝ 2 ተጫኚ» ይላል። ከመልእክቱ ጋር ብዙ ተያየን። አንዱንም አልተጫንኩም፤ በቁጥራቸው ደወልኩ።

«አጋም እህቴ ናት» አልኩ። «ሞታለች።»

ሴትየዋ በጣም አዝናለሁ፣ አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ አለችኝ።

«አትሰርዢው። ሰዓቱን እኔ ልውሰደው?»

«አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ካንቺ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። ወረቀቱን ከታሪክ መጽሐፌ አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ዓርብ ደረጃው ላይ የሆንኩትንም ነገርኳት። «ዕድሜህ ስንት ነው?» አለች። አሥራ ስድስት ተኩል አልኳት። «ግማሹ አይቆጠርልህም፤ ከወላጅ ጋር ነው የምትመጣው። እስከዚያ ሩጫ የለም፣ እንደገና ካዞረህ ደግሞ ረቡዕን አትጠብቅ፣ አምቡላንስ ጥራ። እናትህ ታውቃለች?»

«ዛሬ ታውቃለች» አልኩ።

ስሙን ቀየረችው። ረቡዕ፣ በእማዬ ሰዓት ጠዋት አራት ከአርባ ነው። ከቤት ሦስት ሰዓት ተኩል ከወጣን እንደርሳለን።

ከዚያ ውሃ አፈላሁ። የትናንቱን፣ ያደረውን፣ ከላይ ከላይ ቀድቼ አስመሳይዋን አጠጣኋት። ጠጠሩን አጠብኩ፤ ደርድሬ ውሃ አደረግሁበት። የደረቁትን ሦስት ቅጠሎች አልቆረጥኳቸውም፤ ጠርዛቸው ነው እንጂ መሃላቸው አረንጓዴ ነው። ከዚያ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እማዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ አስመሳይዋ ትሄዳለች፣ ሳህኑን አንስታ ውሃ መኖሩን ታያለች። ደብዳቤውንና የሐኪሟን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ከሳህኑ ሥር አደርጋቸዋለሁ። በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ ብላ ነው የምታነበው፤ ለዚህ ነው ፊደሉን እንዲህ ሰፋ ሰፋ አድርጌ የጻፍኩት።

ነፍስሽ ጥላና ውሃ ባለበት ትረፍ፤ ፀሐዩ ከሩቅ ይይሽ። ለእማዬ ዕድሜ ይስጥልን፤ የማልኩት ሁሉ በእኔ ይቅር።

ወንድምሽ
አዲር

ክፍሌ ውስጥ ነኝ። በሩን አልቆለፍኩትም።